ሞቱ ከግማሽ በላይ ቀነሰ፤ ቁመቱስ ለምን ወደኋላ ቀረ?

የሠንጠረዥ_ሰው፦
ጤና ይስጥልኝ። ለወረዳ የሥርዓተ ምግብ ባለሙያዎች የሚሆን ማሠልጠኛ ጽሑፍ እየተዘጋጀ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ክርክር ስለተነሣ እዚህ ያላችሁ አዋቂዎች ፍረዱን።

በኢትዮጵያ በ2000 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት ከ1000 ሕፃናት 166 ነበሩ። በ2016ቱ ጥናት 67። በዚያው ጊዜ አንዲት ሴት በዕድሜዋ የምትወልደው አማካይ ቁጥር ከ5.5 ወደ 4.6 ወረደ። መቀንጨር (ቁመት ለዕድሜ ማጠር) ደግሞ ከ58 ወደ 38 በመቶ፤ በ2019 አነስተኛው ጥናት 37። ሞት በ60 በመቶ ሲቀንስ መቀንጨር የቀነሰው በሲሶ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይማ ቆሟል ማለት ይቻላል።

አንዱ ወገን «ዋናው የወሊድ ቁጥር ነው፤ ቤተሰብ ሲያንስ ልጅ ይፋፋል» ይላል። ሌላው «በመጀመሪያ ቁጥሩ ራሱ ይታመን፤ የጤና ኬላው የዕድገት ክትትል መዝገብ ከጥናቱ ጋር ጨርሶ አይገጥምም» ይላል። ምን ትላላችሁ? (የጥናቶቹ ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ እንዳንደባለቅ።)

ቦርድና_ሚዛን፦
መዝገቡ የማይገጥመው ሌላ ነገር ስለሚለካ ነው። በኬላ የዕድገት ክትትል የሚያዘው ክብደት ለዕድሜ ነው፤ መቀንጨር ግን ቁመት ለዕድሜ። የ2016ቱን የክብደት ማነስ 24 በመቶ ከመቀንጨር 38 በመቶ ጋር ማስተያየት ጤፍና ባቄላን ባንድ ቁና መስፈር ነው። አጭር ሆኖ ጉንጩ ሞላ ያለ ልጅ በክብደት ካርዱ ላይ ደህና መስመር ውስጥ ይገባል፤ እናቱም «ተመስገን» ብላ ትሄዳለች።

ቁመት በሚለካበት ቦታ ደግሞ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦

ከሁለት ዓመት በታች ያለ ልጅ ተኝቶ፣ ከዚያ በላይ ያለው ቆሞ ይለካል። ያው ልጅ ተኝቶ ሲለካ 0.7 ሴ.ሜ. ያህል ይረዝማል። ስለዚህ በየትኛው አኳኋን እንደተለካ በቅጹ ላይ ካልተጻፈ ቁጥሩ ምን እንደሆነ አይታወቅም። ሲለካ ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ጭንቅላቱን በሁለት እጁ ይዞ ከማይንቀሳቀሰው ሳንቃ ጋር ያስነካል፤ የልጁ ዓይን ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ማየት አለበት። ሌላው ጉልበቱን ተጭኖ ተንቀሳቃሹን ሳንቃ ከሁለቱም እግር መዳፍ ጋር ያገናኛል። ብቻውን የሚለካ ሰው ጉልበት መጫን አይችልም፤ ልጁ እያለቀሰ እግሩን ሲሰበስብ አንድ ሁለት ሴንቲ ይጠፋል። በቆመ ልጅ ላይ ደግሞ ጫማ፣ ሹሩባና ቁንጮ ይጨምራሉ። ሁለት ጊዜ ለክቶ ልዩነቱ ከ1 ሴ.ሜ. ካለፈ ሦስተኛ መለካት ነው፤ መሐሉን ገምቶ መጻፍ አይደለም።

ለተንጠልጣዩ ሚዛን፦ ማዘያው ከተሰቀለ በኋላ ነው ዜሮ የሚደረገው። ማዘያ የሌለበትን ባዶ ሚዛን ዜሮ አድርጎ መጀመር ልጁን ሁሉ ያከብደዋል። ጠዋት ጠዋት ክብደቱ የታወቀ ነገር ሰቅሎ መፈተሽ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ግን ሲደረግ እምብዛም አይታይም።

ቆጠራ99፦
ቁመት ቀላሉ ነው፤ የሚያስቸግረው ዕድሜ ነው።

ወንድ ልጅ ተኝቶ ተለክቶ 80 ሴ.ሜ. ወጣው እንበል። 21 ወሩ ከሆነ ከመቀንጨር መስመሩ (79.4) በላይ ነው። 24 ወሩ ከሆነ መስመሩ 81.7 ስለሆነ ቀንጭሯል። እናትየዋ «ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው» ስትል መዝጋቢው 24 ብሎ ከጻፈ ልጁ ሳይነካ ምድቡ ተቀየረ። ከመስክ የመጣ ቅጽ ላይ ወሮቹን ደርድሩና እዩ፤ 12፣ 18፣ 24 እና 36 ላይ ክምር ካለ ዕድሜ ተገምቷል ማለት ነው።

በእኛ አገር ከዚህ የባሰው የአቆጣጠር ነገር ነው። ኅዳር 10 ቀን 2015 የተወለደ ልጅ በፈረንጅ ኖቬምበር 19 ቀን 2022 ነው። «8 መደመር ነው» ብሎ በጅምላ የሚቀይር ሰው ግን 2023 ይጽፋል። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ታኅሣሥ ማብቂያ ግድም የሚደመረው 7 ነው። ስሕተቱ ልጁን በአንድ ዓመት ያሳንሰዋል፤ ቀንጭሮ የነበረው ልጅ በዕድሜው ከሁሉ ረጅም ሆኖ ቁጭ ይላል። ሌላው ደግሞ ወርን በቁጥር መጻፍ ነው፦ 3 ማለት ኅዳር ነው ወይስ ማርች? የወር ስም በፊደል ይጻፍ፤ ቅየራው በኮምፒውተሩ ላይ አንድ ጊዜ ይደረግ እንጂ በየቤቱ በራፍ ላይ በቃል አይደረግ።

ይህ ስሕተት በአማካዩ ላይ ብዙም ላይታይ ይችላል፤ አንዱ ሲያስረዝም ሌላው ስለሚያሳጥር። ስርጭቱን ግን ያሰፋዋል። አማካይ ዜድ ስኮር (ልጁ ከዕድሜው መካከለኛ ቁመት ምን ያህል እንደራቀ የሚናገር ቁጥር) ከዜሮ በታች 1.5 (-1.5)፣ መደበኛ ልዩነቱ (የስርጭቱ ስፋት) 1.0 ከሆነ 31 በመቶው ከመቀንጨር መስመር (-2) በታች ይወድቃል። ልዩነቱ ወደ 1.5 ከሰፋ 37 በመቶ። አንድም ልጅ ሳያጥር ስድስት ነጥብ ጨመረ። ስለዚህ «መቀንጨር ባሰ» የሚል ሪፖርት ሲመጣ መጀመሪያ መደበኛ ልዩነቱን ጠይቁ።

እመ_ክርስትና፦
ለዕድሜው አንድ ዘዴ። በኦርቶዶክስ ቤት የልደት ቀን ባይጻፍ እንኳ ክርስትና የተነሣበት ቀን አይረሳም፤ ድግስ ነበረ፣ የክርስትና አባት ወይም እናት አለ። ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ነው። ቀኑን ይዞ ወደኋላ መቁጠር ነው። ጾታውን ሳይጠይቅ 40 የሚቀንስ መዝጋቢ ሴቷን በ40 ቀን ያሳንሳታል፤ ይኼም ይከሰታል።

ቆጠራ99፦
ግሩም ነው እህቴ፤ ቅጹ ላይ መግባት አለበት። ለሌላው ግን የአካባቢ ክንውኖች ቀን መቁጠሪያ ይሠራል፦ መስቀል፣ ጥምቀት፣ ፍልሰታ ቦታቸውን አይለቁም። ፋሲካ ይንቀሳቀሳል፤ ስለዚህ «የዚያ ዓመት ፋሲካ» ሲባል ቀኑን አረጋግጦ መጻፍ ነው። ረመዳንና አረፋ ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ቀድመው ይመጣሉ። ባለፈው ዓመት የተሠራውን መቁጠሪያ እንዳለ ገልብጦ መጠቀም ሙስሊም ቀበሌ ላይ ዕድሜን ያዛባል።

ሰባራ_ብዕር፦
ወንድሞች፣ ልኬቱ ተስተካክሎም 38ቱ 20 አይሆንም። ወደ ጥያቄው እንመለስ።

የወሊድ ቁጥር ነው ለሚለው ወገን የ2016ቱን ጥናት በክልል ይዩልኝ። ሶማሌ ክልል፦ አማካይ ወሊድ 7.2፣ መቀንጨር 27 በመቶ። አማራ ክልል፦ ወሊድ 3.7፣ መቀንጨር 46 በመቶ። አዲስ አበባ፦ 1.8 እና 15 በመቶ። የቤተሰብ ቁጥር ብቻውን ቁመት ቢያስረዝም ኖሮ አማራና ሶማሌ ቦታ ይቀያየሩ ነበር። ከብት አርቢው ልጁን ወተት ያጠጣል፤ ደገኛው እህል አምራች ቤተሰቡን አሳንሶም ልጁን አጥሚት ላይ ያሳድራል።

ሶማሌ ክልል ደህና ነው ማለቴ ግን አይደለም። እዚያ መቀጨጭ (ክብደት ለቁመት ማነስ) 23 በመቶ ነበር፤ የአገሩ አማካይ 10። ወተት ዝናብ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል፤ የግመሉ ጡት ሲደርቅ ልጁ በሳምንታት ይከሳል። መቀጨጭ የወቅት፣ መቀንጨር የዓመታት ነው። ሁለቱን አደባልቆ «የምግብ እጥረት» በሚል አንድ ስም መጥራት ነው መፍትሔውን የሚያደባልቀው።

ከኬላ_ማዶ፦
ሞት ለምን ቀደመ ለሚለው አጭር መልስ፦ ሞትን የቀነሱት ነገሮች ከኬላ ወደ ልጁ የሚሄዱ ናቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም፣ አምስቱን በአንድ የያዘው ክትባት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. የመጣው የሳንባ ምች ክትባት፣ በ2013 የሮታ፣ አጎበር፣ ለሳንባ ምች በኬላ የሚሰጠው አንቲባዮቲክ፣ ለተቅማጥ ኦአርኤስና ዚንክ። አገሪቱ የሕፃናት ሞትን በሁለት ሦስተኛ የመቀነሱን የሚሌኒየም ግብ በ2013 አሳካች የተባለው በእንዲህ ያሉ ሥራዎች ነው። መርፌ በዓመት ጥቂት ቀን ይበቃዋል። ገንፎ ግን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየቀኑ፣ ለአንድ ዓመት ተኩል ነው፤ ያን ደግሞ ኬላው ሊያደርገው አይችልም።

እመት_ገንፎ፦
«ገንፎ» ካላችሁ አይቀር ሒሳቡን እንሥራው፤ ሥልጠናዎች ላይ «የተመጣጠነ ምግብ ስጡ» ተብሎ ይታለፋል።

ጡት የሚጠባ ልጅ ከጡት ውጭ ከምግብ ማግኘት ያለበት፦ ከ6 እስከ 8 ወር በቀን 200 ኪሎ ካሎሪ ገደማ፣ ከ9 እስከ 11 ወር 300፣ ከ12 እስከ 23 ወር 550። ሆዱ የሚይዘው በኪሎ 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው፤ 8 ኪሎ የሆነ ልጅ በአንድ ጊዜ ከ240 ሚሊ አይበልጥም።

አሁን የተለመደውን አጥሚት እዩ። በአንድ ስኒ ሙሉ ውኃ (200 ሚሊ) ውስጥ 15 ግራም ዱቄት፣ ማለትም የተሰለተ ሁለት የሾርባ ማንኪያ። 50 ኪሎ ካሎሪ ነው። በቀን ሦስቴ ቢጠጣ 150። ሆዱ ሞልቷል፣ ያገሳል፣ ይተኛል፤ ለዓመት ከመንፈቅ ልጅ ግን ከሚያስፈልገው ሲሶ እንኳ አልደረሰም። በዚያው 200 ሚሊ ውስጥ 45 ግራም ዱቄት ብታደርጉ 160 ይሆናል፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ሲጨመር 200። ሦስቴ 600። ልዩነቱ ውኃው ነው።

እናቶች ቀጭን የሚሠሩት ባለማወቅ አይደለም፤ ወፍራሙን ልጁ ይተፋዋል፣ ጉሮሮው ላይ ይቆማል። እዚህ ላይ በየቤቱ ያለ፣ ግን ለጠላ ብቻ የሚታሰብ ነገር አለ፦ ብቅል። ወፍራም ገንፎ ይሠራና ከእሳት ይወርዳል። ጣት ለአፍታ የሚችለው ሙቀት ላይ ሲደርስ አንድ የሻይ ማንኪያ የብቅል ዱቄት ይጨመርና ይማሰላል። በደቂቃዎች ውስጥ ገንፎው ዓይን እያየ ይቀልጣል፤ ማንኪያ ላይ ቆሞ የነበረው ይንጠባጠባል። ዱቄቱ ያው 45 ግራም ነው፤ ካሎሪው የትም አልሄደም። ከዚያ መልሶ ለጥቂት ደቂቃ ማንተክተክ ግድ ነው፤ ብቅል ሲበቅል ጀርም ይዞ ይመጣልና።

የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። የሚፈላ ገንፎ ውስጥ ከተጨመረ ብቅሉ «ይሞታል»፣ ምንም አይቀጥንም። ከቀዘቀዘ በኋላ ከተጨመረ ደግሞ በጣም ይዘገያል። ብቅሉ ለልጅ ሲሆን ለብቻው ይዘጋጅ፦ ገብስ ሌሊቱን ይዘፈዘፋል፣ ሁለት ሦስት ቀን ተሸፍኖ ይበቅላል፣ በደንብ በፀሐይ ደርቆ ቡቃያው ታሽቶ ይወገዳል፣ ይፈጫል። የሻገተ ብቅል ለጠላም አይሆን፣ ለልጅማ ወዲያ በሉት።

ለዱቄቱ ሦስት እጅ እህል (ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ) ለአንድ እጅ ጥራጥሬ (ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አኩሪ አተር)፤ ጥራጥሬው ተቆልቶ ተከክቶ። ጓያ ግን በፍጹም አይግባ፤ እግር የሚያሽመደምደው ያው ጓያ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ርካሽ ስለሚሆን ሽሮ ውስጥ ገብቶ ይመጣል። በርበሬ ያለበት ሽሮ ለገንፎ አይሆንም።

ሰባራ_ብዕር፦
እመት፣ ይህ ሁሉ ካሎሪ ነው። ዕንቁላሉስ? በ2016ቱ ጥናት ከ6 እስከ 23 ወር ካሉት ልጆች ከሰባቱ የምግብ ምድቦች አራቱን ያገኙት 14 በመቶ ናቸው። በቀን የሚመገቡበትን ድግግሞሽም ጭምር ያሟሉት 7 በመቶ ብቻ። ድግግሞሹ ለብቻው 45 በመቶ ነበር። ማለትም ልጁ ይበላል፤ የሚበላው ግን ያው እህል በያው እህል ነው። ደም ማነስ ከግማሽ በላይ (57 በመቶ) የሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

እመት_ገንፎ፦
ልክ ብለሃል፤ ለዚያም አንድ ያልተነገረ ነገር አለ። ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይጾምም፣ ሁሉም ያውቀዋል። ቤቱ ግን ይጾማል። አጥባቂ ቤት በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል፤ በነዚያ ቀኖች የፍስክ ዕቃ ታጥቦ ተሰቅሏል። እናት ለልጇ ዕንቁላል ልትቀቅል ብትል ድስቱ ይነካል ብላ ትተወዋለች፤ የታለበውም ወተት ቅቤ ሊሆን ይከማቻል፣ ዕንቁላሉ ገበያ ይወጣል። ስለዚህ «ሕፃን አይጾምም» የሚለው ትምህርት ብቻውን ፍሬ የለውም። የሚሠራው ለልጁ የራሱ የሆነች ትንሽ ድስት፣ ማንኪያና ሳህን ለይቶ ማስቀመጥ ነው፤ ቃሉ ደግሞ ከንስሐ አባት አፍ ቢወጣ ከእኛ ሥልጠና በላይ ይሰማል። ዕንቁላል በደንብ ተቀቅሎ፣ ተፈርፍሮ ገንፎው ውስጥ። ከ6 ወር ጀምሮ ይቻላል።

አዋላጅ_ክፍል፦
የወሊድ ቁጥር አይደለም በሚለው ላይ ልጨምር፦ ቁጥሩ ሳይሆን ርቀቱ ነው የልጁን ቁመት የሚነካው።

የሚመከረው ከወለዱ በኋላ 24 ወር ቆይቶ ማርገዝ ነው። እርግዝናው ሲታከል በሁለቱ ልጆች መካከል 33 ወር ይሆናል። በ2016 የአገሩ መካከለኛ ርቀት 34.5 ወር ነበር። ደህና ይመስላል፤ ግን መካከለኛ ማለት ግማሹ ከዚያ በታች ነው ማለት ነው፤ ስለዚህ ግማሽ የሚጠጋው ከሚመከረው በታች ነው። መንገዱም ግልጽ ነው፦ እናት ባረገዘች ቀን «የእርጉዝ ጡት ልጅ ያሳምማል» ተብሎ ጡት ይቋረጣል። ዓመት እንኳ ያልሞላው ልጅ በአንድ ቀን ወደ ቀጭኑ አጥሚት ይወርዳል። የሚመጣው ደግሞ ብረቷ ባልተተካ እናት ማህፀን ውስጥ ያድጋል። እያረገዘች ማጥባት ግን ጤነኛ ሴትን አይጎዳም፤ ምግብ ይጨመርላት እንጂ።

እርግዝናን በጡት ማጥባት መከላከል ላይ ሦስቱ ሁኔታዎች አብረው ካልተሟሉ አይሠራም፦ ልጁ 6 ወር አልሞላውም፣ ከጡት ሌላ ምንም አይወስድም (ውኃም፣ ሌሊቱንም ጭምር)፣ የወር አበባ አልተመለሰም። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል በዚያው ሳምንት ሌላ ዘዴ መጀመር ነው። «ገና እያጠባሁ ነኝ» ብለው በ9ኛው ወር የሚያረግዙት ብዙ ናቸው።

የእርግዝና መከላከያ መርፌው በየሦስት ወሩ ነው፤ በ2016 ካገቡት ሴቶች 23 በመቶው ይጠቀሙ ነበር። ከተወ በኋላ መውለድ ለመመለስ ወራት ይወስዳል፤ ይህ አስቀድሞ ካልተነገረ «መከነች» የሚል ወሬ ይሆንና መንደሩ በሙሉ ያቆማል። በክንድ የሚቀበረው ባለሦስት ዓመቱ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይቀበራል። ማውጣቱ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይላካል። የሚቀብር ቅርብ፣ የሚያወጣ ሩቅ ከሆነ ሴትየዋ ለጎረቤቷ የምትነግረው ያንን ነው።

ቆጠራ99፦
ሁለት ነገር ስለ ሕዝቡ። የመጨረሻው ቆጠራ በ1999 ዓ.ም. (2007 እ.ኤ.አ.) ነበር፦ 73.8 ሚሊዮን አካባቢ፣ 45 በመቶው ከ15 ዓመት በታች። እነዚያ ልጆች አሁን ወላጆች ናቸው። ስለዚህ እያንዳንዷ ሴት ጥቂት ብትወልድ እንኳ የሚወለደው ጠቅላላ ቁጥር ቶሎ አይቀንስም፤ የክትባትና የገንፎ ሥራውም እንዲሁ።

ከዚያ ወዲህ ቆጠራ ስለሌለ ወረዳው የሚያቅደው በትንበያ ነው። 5000 ሰው አለው የሚባል ቀበሌ፣ ከዓመት በታች ያሉት 3 በመቶ ናቸው ብለን ብናሰላ፣ 150 ሕፃን ይጠበቃል። 165 ከተከተቡ ሽፋኑ 110 በመቶ ሆኖ ይጨበጨባል። ቀበሌው ውስጥ በእውነት 6000 ሰው ካለ ግን ሕፃናቱ 180 ናቸው፤ ሽፋኑ 92፣ ያልተነኩት 15። ከመቶ በላይ የሆነ ሽፋን ሲታይ ቤት ለቤት መመዝገብ እንጂ ደስ መሰኘት አይገባም።

የሠንጠረዥ_ሰው፦
እግዜር ይስጥልኝ። ጽሑፉ ከላይ ወደ ታች ይቀየራል፤ «ቤተሰብ ማሳነስ» የሚለው ምዕራፍ «ማራራቅ» ይሆናል። እመት፣ አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፦ ቆላ ላይ ገብስ የለም። የማሽላ ብቅል ይሆናል?

እመት_ገንፎ፦
ይሆናል፤ ግን የማሽላ ቡቃያና ሥር መርዝነት አለው። ከደረቀ በኋላ በእጅ ታሽቶ፣ በወንፊት ተነፍቶ፣ ፍሬው ብቻ ነው የሚፈጨው። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ዱቄቱ ውስጥ ከታየ በደንብ አልታሸም ማለት ነው፤ እንደገና ይነፋ። ዳጉሳ ካለ ግን ዳጉሳውን ቢያስቀድሙ ይሻላል፤ የዳጉሳ ብቅል ገንፎ ጎበዝ አድርጎ ያቀጥናል።